ሠላሳ ስምንት ጭራዎች

ጥቅምት 25

አሥራ አንደኛ «ቢ» ሁለት ክፍለ ጊዜ። መብራት የለም። ጠመኔም የለም ማለት ይቻላል፤ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይዤ ነው የገባሁት። ዳይሬክተሩን ብጠይቀው «መጥቷል፣ ግን ገና ገቢ አልሆነም» አለኝ። ጠመኔው ገቢ እስኪሆን ፊዚክስ ይቁም?

ልጆቹ ግን ጠየቁኝ። «ቲቸር፣ ክረምት ክረምት ሄደሽ የምትማሪው ምንድን ነው?» እስከ ዛሬ «ስፔስ ሳይንስ» ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ ነገርኳቸው። ጋላክሲ ማለት የከዋክብት አገር ነው በሉት። በከዋክብቱ መሃል ጋዝ አለ፤ አዲስ ኮከብ የሚወለደው ከዚያ ነው። ጋላክሲዎችም በመቶና በሺህ ሆነው መንጋ ይሠራሉ፣ ክላስተር ይባላል። በመንጋው ውስጥ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ አይደለም። በጣም የሳሳ፣ በጣም የጋለ ጋዝ ሞልቶታል። አንዷ ጋላክሲ ከውጭ ወደ መሃል ስትገባ በሰከንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እየበረረች…

ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እንደ ግድግዳ ያዩኛል።

«ነፋስ በሌለበት ቀን ከገበያ በባጃጅ ስትመለሱ ሻሻችሁ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ!»

«ነፋስ ነበር?» አልነበረም። «ታዲያ ማን ጎተተው?»

ኢማን፣ ከኋላ ወንበር የማትነሳው ልጅ፣ «እኛው ነን፣ ስለምንሮጥ» አለች።

ይኸው ነው። ጋላክሲዋ ትሮጣለች፣ ጋዟ እንደ ሻሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጭራ ይሆናል። ከዋክብቱ ግን ድፍን ናቸው፣ አብረዋት ይሄዳሉ። ጋዙ ሲያልቅ አዲስ ኮከብ መውለድ ይቀራል። ታረጃለች።

«እንግዲያ ሻሹን አይቶ ወዴት እንደምትሄድ ማወቅ ይቻላል» አለች ኢማን። የአራት ክረምት ትምህርቴን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ደስ አለኝ። ትንሽም ተናደድኩ።


ጥቅምት 29

የመመረቂያ ጽሑፌ ልኬት አለቀ! ሠላሳ ስምንት የጋላክሲ ሥዕል።

አማካሪዬ ዶክተር ሙጂብ በፍላሽ የሰጠኝን በሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜው ነበር፤ መብራቱን ብጠብቅ ዓመትም አይበቃኝም። ወለል ላይ ዘርግቼ፣ በፕሮትራክተርና በእርሳስ። እያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት አለ። ቀስቱን ወደ ቂብላ፣ ስንሰግድ ፊታችንን ወደምናዞርበት፣ አዞረዋለሁ። ከከሚሴ ቂብላ ቀጥታ ሰሜን ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አቅጣጫ የማውቀው በዚያ ነው። ከዚያ ጭራው ወዴት እንደተዘረጋ በደብተር እጽፋለሁ። ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ስንት ዲግሪ።

የምወዳት ሃያ ሁለት ቁጥርን ነው። ጭራዋ ረጅም፣ ጥርት ያለ። ሌሎቹ ላይ ዓይኔ እስኪቀላ ነው የምፈልገው።

የሚጠበቀው የታወቀ ነው። ወደ መሃል የምትገባ ጋላክሲ ጭራዋ ከመሃሉ ተቃራኒ መሆን አለበት። የቀረኝ ልኬቱን ኮምፒዩተር ላይ ማስገባትና፣ ፍላሹ ላይ በቁጥር ከተሰጠው የመሃሉ አቅጣጫ ጋር ማነጻጸር። ሀዲጃ ላፕቶፗን ታውሰኛለች፤ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፣ ከእኔ ጋር ስትጣላም ታውሳለች።


ኅዳር 6

ምን ጉድ ነው?

አሥራ አምስቱ ብቻ ናቸው በትክክል የመጡት። የተቀሩት ጭራቸው ወደ መሃል ነው፣ ወይ ወደ ጎን። ወደ ኋላ የምትሮጥ ባጃጅ አለች?

ሦስት ጊዜ አስገባሁት። ያው ነው። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ፣ ሠንጠረዡንም ጨምሬ ለዶክተር ላክሁ። «ያልገባኝ ነገር አለ፣ ቢያዩልኝ» ብዬ። ኔትወርኩ ለአንድ ፎቶ ሩብ ሰዓት ወሰደ።


ኅዳር 9



በእረፍት ሰዓት ዶክተር ሙጂብ ደወለ። መምህራን ክፍል ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ፈይሩዝ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?»

«ለክቼ ነው ዶክተር።»

«ከሚሴ መብራት የለም ትያለሽ። ኮምፒዩተር የለኝም ትያለሽ። ሠላሳ ስምንት ጋላክሲ ግን ለክቻለሁ ትያለሽ። በምን? በክንድ?»

«በወረቀት ነው። የደብተሩን ፎቶ ልኬልዎታለሁ…»

«ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ውጤቱን አይቻለሁ፣ ይበቃል። ሁለት ነገር ነው የሚቻለው። ወይ መለካት አትችዪም፣ ወይ አልለካሽም።»

ምን መለስኩ? «እሺ ዶክተር» አልኩ። እሺ! የምን እሺ? ምላሴን ማን ያዘው? በሰው ፊት ዋሾ ሲለኝ «እሺ» እላለሁ?


ኅዳር 10

እሺ ብያለሁ። ወላሂ ይህን ቃል ለራሴ ይቅር አልልም።


ኅዳር 14

ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጽፏል። ግልባጩ ዛሬ በስልኬ መጣ። «ተማሪዋ ያቀረበችው መረጃ የተፈበረከ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ያለኝ በመሆኑ…» እስከ ታኅሣሥ 30 በቂ ማብራሪያ ካላቀረብኩ ጽሑፌ ውድቅ ሆኖ ከመርሐግብሩ እሰናበታለሁ።

የተፈበረከ። ቃሉን ደጋግሜ አየሁት።

አራት ክረምት። ሰው ዘመድ ሲጠይቅ እኔ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን ዶርም። ያ ሁሉ በአንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ሊጠፋ ነው። እሱንስ እሺ፣ ይጥፋ። ግን ዋሾ ተብዬ? በዚህ ከተማ ማስተማር የምችለው እኮ ልጆቹ ስለሚያምኑኝ ብቻ ነው። ጠመኔ እንኳ የለኝም።


ኅዳር 21

ሁሉንም እንደገና ለካሁ። ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት። አሮጌውን ደብተር ቆልፌ፣ አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ ወረቀቱን እንደ ልማዴ ወደ ቂብላ ዘርግቼ።

ያው። ከሁለት ሦስት ዲግሪ በላይ ልዩነት የለም።

ስለዚህ መለካት እችላለሁ። ለክቻለሁም። ታዲያ ሰማዩ ነው የዋሸው?


ኅዳር 23

ከሀዲጃ ጋር ተጣላሁ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ መጀመሪያ። እያደር ስንት ቀን? ቀነ ገደቡ ታኅሣሥ 30 ነው!

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ እናት፣ አትድረቂ። እሱ የሚፈልገው ይታወቃል አይደል? አልስማማ ያሉትን ገልብጫቸውና ላኪለት። ተሳስቼ ነበር በይ። ማን ሰማይ ወጥቶ ያያል?»

ፊቷን አየሁት። የምትቀልድ መስሎኝ።

«ያኔ እሱ ያለው እውነት ይሆናላ!»

«ዲግሪሽንስ?»

ላፕቶፗን አቅፌ ሰጥቻት ወጣሁ። ገና ሳልርቅ ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ እንዴት እንደምገለብጣቸው አስቤ ነበር።


ታኅሣሥ 1

ሀዲጃ ላፕቶፑን መልሳ ላከችው። ያለ ምንም ቃል። አላህ ይስጣት። አሁንም ኩርፊያ ላይ ነኝ።


ታኅሣሥ 5

ጨፋ፣ አባቴ ዘንድ። የጤፍ አውድማ ላይ ደረስኩ። ሥዕሎቹንና ደብተሮቹን በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ ቅረቢ። ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ በርበሬ የመሰለው?»

ነገርኩት። ስለ ጋላክሲዎቹም፣ ስለ ደብዳቤውም። አባ መንሹን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ዋሽተሻል?»

«አባ!»

«ጠየቅሁ እንጂ አላልኩም። ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም!»

«ታዲያ ለምን ትጮኺያለሽ? እህል ከጎተራ ሲጎድል የሚጮኸው የሰረቀው ነው። ያልሰረቀው በየት እንደወጣ ይፈልጋል።»

ተናደድኩበት። አንድ ወር ሙሉ ምን ሳደርግ የቆየሁ መስሎታል? ግን ዝም አልኩ፤ እህል የሚዘራበትን ላይዳ ሰጠኝ። ነፋስ የለም። ሁላችንም ቁጭ ብለን ነፋስ ጠበቅን። እዚያ ጋላክሲዎቹ ዘንድ ነፋስ አይመጣም አልኩት፣ ምርቱ ራሱ ነው የሚሮጠው፣ ገለባው ወደ ኋላ ይቀራል።

«ሱብሃነላህ! እንግዲያ ላይዳውን ጥለን ጤፉን ይዘን እንሩጥ በያ!»

የጎረቤት አውድማ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከደብዳቤው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።


ታኅሣሥ 6

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ዙህር ሰግደን ምሳ በላን። አባ ጭዱ ላይ ጋደም አለ። አባ በዕድሜው እግሩን ወደ ቂብላ ዘርግቶ አያውቅም፣ እኛም ስንዘረጋ ይቆጣን ነበር። ራሱን ወደ ቂብላ፣ እግሩን ወደ ደቡብ አድርጎ፣ ሽቅብ እያየ። እኔ አጠገቡ ቂብላን ፊት ለፊቴ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሥዕሎቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ለስንተኛ ጊዜ አፈጣለሁ።

«ያቺ አሞራ ከአፋር በኩል መጣች» አለ። «ነፋሱም ከዚያው ሊመጣ ነው። ተዘጋጂ።»

እጁን አነሳ። ግራ እጁን።

«አባ፣ አፋር ምሥራቅ ነው እኮ። በግራህ ነው የጠቆምከው።»

«ታዲያ አፋር ወዲያ አይደለም እንዴ?»

አየሁ። ወዲያ ነው። ለእኔ በቀኜ ነው።

«ምሥራቅ በቀኝ ነው» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ቆሜ ስሰግድ በቀኜ ነው። ተጋድሜ ሰማይ ሳይ በግራዬ ነው። ምን ነካሽ ልጄ? አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ሥዕሎቹ ከጉልበቴ ወደቁ።

ሄጄ አጠገቡ ተጋደምኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ራሴን ወደ ቂብላ። ግራ እጄን አነሳሁ፣ አፋር። ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ደጋው። ሃያ ሁለት ቁጥርን ከፊቴ በላይ ይዤ አየኋት። ሰሜን ወደ ላይ። ምሥራቅ… በግራ።

የመሬት ካርታ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው። የሰማይ ሥዕል ግን ከታች ወደ ላይ የታየ ነው። ሰሜኑ ከላይ ከሆነ ምሥራቁ በግራ ነው። ሁለተኛው ክረምት ላይ ተምሬዋለሁ! ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ! ወረቀቱ ወለል ላይ ሲዘረጋና ወደ ቂብላ ሲዞር ግን ጭንቅላቴ አልጠየቀም፤ ቂብላ ፊት ለፊት፣ ምሥራቅ በቀኝ፣ አለቀ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለት ጊዜ ያንኑ ስህተት ጻፍኩ።

«ምነው? እያለቀስሽ ነው?»

«አይደለም። ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

በራሴ። አንድ ወር በሰው ስናደድ ከርሜ፣ ስህተቱ ከእኔው መስገጃ ሥር። አባ ግን ተነሳና ላይዳውን አቀበለኝ። ነፋሱ መጥቶ ነበር።


ታኅሣሥ 8

ከሚሴ። ሀዲጃ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከፈተች። «ይቅር በይኝ» አልኩ። «ግቢ፣ መብራት አለ» አለች። ታረቅን።

የጻፍኩት ምሥራቅ ሁሉ ምዕራብ፣ ምዕራብ ሁሉ ምሥራቅ ሆነ። አልመረጥኩም፤ ሠላሳ ስምንቱም፣ የተስማሙትም ያልተስማሙትም።

ሠላሳ አራቱ ጭራቸውን ከመሃሉ ተቃራኒ ዘረጉ። ሦስቱ ብዥ ያሉ ናቸው፣ ድሮም አላመንኳቸውም። በፊት በትክክል የመጡት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከመሃሉ ሰሜንና ደቡብ ያሉት ናቸው። ምሥራቅና ምዕራብ ቢቀያየር ሰሜንና ደቡብ አይለወጥም፤ እነሱን ስህተቴ አልነካቸውም።

አንዷ ቀረች። ሃያ ሁለት ቁጥር። ከመሃሉ ምሥራቅ ናት፤ በፊት ትክክል ነበረች፣ አሁን ጭራዋ ቀጥ ብሎ ወደ መሃል ሆነ። ወይ አንቺ!

ሀዲጃ ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ነው እኔ አድርጊ ያልኩሽ» አለች ቀስ ብላ። አይደለም። አንቺ ያልሺኝ አልስማማ ያሉትን ብቻ ነበር አልኳት። እኔ ግን ሁሉንም ገልብጬ የተስማማችውን ይቺንም አበላሸኋት።

አሁን ንዴቱ ተመለሰ። ስህተቴ የእኔ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን የደብተሬን አንድ ገጽ፣ አንዷን ብቻ፣ ከሥዕሉ አጠገብ አድርጎ ቢያያት በአምስት ደቂቃ ያገኘው ነበር። ሥራው ነው! አላየም። ሳያይ ፈብርካለች ብሎ ፈረመ።


ታኅሣሥ 12

የታረመውን ሠንጠረዥ ልኬለት ዶክተር ደወለ። ድምፁ ቅቤ ሆኗል።

«ጎበዝ፣ አሁን ውጤት አገኘሽ። ‹የአቅጣጫ ስህተት ታርሟል› ብለሽ በአንድ መስመር እለፊው። ሃያ ሁለትን ደግሞ አውጫት፣ ጥያቄ ታስነሳለች።»

«አላወጣትም።»

«ምን አልሽ?»

«ወደ ውስጥ እየገባች ሳይሆን መሃሉን አልፋ በወዲያ በኩል እየወጣች ከሆነ ጭራዋ ወደ መሃል መሆኑ ልክ ነው። ስለዚህ አላወጣትም። ‹ታርሟል› ብዬም አላልፍም። ማን እንደተሳሳተ፣ እንዴት እንደተሳሳተ፣ ቂብላውን ጨምሬ በስሜ እጽፈዋለሁ።»

«ቂብላ? በሳይንስ ጽሑፍ?»

«ዶክተር፣ ቁጥር የሚፈበርክ ሰው ትክክለኛውን መልስ ነው የሚፈበርከው። እኔ የተሳሳተውን ነው የላክሁልዎት፤ ሠላሳ ስምንቱንም በአንድ ዓይነት ስህተት። የለካሁ ለመሆኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም። እኔ የእኔን እጽፋለሁ። እርስዎም የእርስዎን ይጻፉ።»

«አለፈ አይደል እንዴ? ምን ያካርረናል» አለ።

«አላለፈም።»

እሺ አላልኩም። ዛሬ እሺ አላልኩም!


ታኅሣሥ 29

ማብራሪያውን ላክሁ። አሥራ አንድ ገጽ፣ ከሁለቱም ደብተሮች ፎቶ ጋር። በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ እንዳለ፣ አንድም ቦታ ሳላጠፋ።


ጥር 16

የጽሑፌ ዲፌንስ። መንገዱ ስለማይታመን በኢንተርኔት ነው። ሀዲጃ ኔትወርክ ይስባል ብላ ስልኳን መስኮት ላይ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። እጇ ደንዝዞ ነበር፣ አልቀየረችም።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ሴት ናቸው፣ ረጋ ያሉ። «ስህተትሽን እንዴት አገኘሽው?» አሉኝ።

«አባቴ አውድማ ላይ ተጋድሞ አሞራ ሲያይ።»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ይሳቁ። ጨርሼ ነገርኳቸው፤ ሴትዮዋ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ግራ እጃቸውንም ትንሽ አነሱ። ከዚያ ስለ ሃያ ሁለት ቁጥር ብዙ ጠየቁኝ። መሃሉን አልፋ ወጥታለች ለማለት ፍጥነቷን መለካት ይቀራል አልኩ። አላውቅም ማለት ያለብኝን አላውቅም አልኩ።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዶክተር ሙጂብ፣ ያን ደብዳቤ ሲጽፉ የደብተሯን ፎቶዎች ከፍተዋቸው ነበር?»

ጸጥ አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሀዲጃን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች። አልተቋረጠም።

አለፍኩ። አልሐምዱሊላህ።


ጥር 24

ዛሬ አሥራ አንደኛ «ቢ»ን ሜዳ አወጣኋቸው። ጠመኔው ገቢ ሆኗል፣ ግን ለዚህ ጠመኔ አይሠራም። ሁሉንም ሣሩ ላይ አጋደምኳቸው፣ ራስ ወደ ቂብላ። ዳይሬክተሩ በመስኮት «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ጮኸ። «ምሥራቅ የት ነው?» አልኳቸው። ግማሾቹ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ኢማን ግራዋን አነሳችና ራሷም ደነገጠች።

ከሰዓት ስልኬን ስከፍት ደብዳቤ መጥቷል። ከዶክተር ሙጂብ፣ ለትምህርት ክፍሉ፣ ግልባጭ ለእኔ። ሁለት መስመር። «የተማሪ ፈይሩዝ ሙሀመድኑር መረጃ የተፈበረከ ነው ያልኩት የላከችውን ማስረጃ ሳልከፍት ነው። ስህተቱ የእኔ በመሆኑ ደብዳቤዬ ከፋይሏ እንዲወጣልኝ እጠይቃለሁ።»

ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ፈለግሁ፣ የለም።

ለአባ ደወልኩ። አነበብኩለት።

«ሳልከፍት ብሏል?»

«ብሏል።»

«ስህተቱ የእኔ ነው ብሏል?»

«ብሏል።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ወጣ። በቃ፣ አንቺም ተይው እንግዲህ ልጄ።»

«እተወዋለሁ አባ፣ ኢንሻአላህ።»

«መቼ?»

አሰብኩ። መዋሸት አልፈለግሁም።

«ዛሬ አይደለም» አልኩት።